«ይህ ምት ውስጥህ አለ?» ስለ ፎሪየር ትራንስፎርም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስማር የፎሪየርን ቀመር ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ፈተና ላይ ኢንተግራሉን እሠራለሁ፣ ነጥቤን አገኛለሁ፣ ከክፍል ስወጣ እረሳዋለሁ። ነገሩ የተገለጠልኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ የእኔን ክራር ከጓደኛዬ ክራር ጋር ለመቃኘት ስታገል። ሁለት ክሮች ሊገጥሙ ሲቃረቡ ድምፁ «ዋው… ዋው… ዋው» እያለ ይወዛወዛል። ይበልጥ ሲቀራረቡ ውዝዋዜው ይዘገያል። ልክ ሲገጥሙ ውዝዋዜው ይጠፋል። «ይሄ እኮ ያ ቀመር ነው!» አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ወዲህ ታናናሾቼ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ቀመር የለም ማለት ይቻላል። መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል ግን አለ። እሱን አልደብቅም።

ፎሪየር ትራንስፎርም ባጭሩ ምንድን ነው?

ከፍ ዝቅ የሚል ነገርን፣ ለምሳሌ ድምፅን፣ «ይህ ምት ውስጥህ አለ? ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንዱን ምት ጠይቆ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው። መልሶቹ በተርታ ሲቀመጡ ትራንስፎርሙ እሱ ነው።

ሬዲዮ ስትከፍቱ የምታደርጉት ከዚህ ብዙም አይለይም። አንቴናው ላይ የከተማው ጣቢያ ሁሉ ባንድ ላይ ተደራርቦ ይደርሳል። ቁልፉን 102.1 ላይ ስታቆሙ «በሴኮንድ 102.1 ሚሊዮን ጊዜ አካባቢ የሚወዛወዘውን ብቻ ስጠኝ» እያላችሁት ነው።

እሺ፣ ግን ጥያቄው በቁጥር እንዴት ይጠየቃል?

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት አንሱ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄ ይሁን።

ስምንት ቁጥሮች ተሰጡን እንበል፦

3፣ 1፣ −1፣ −3፣ 3፣ 1፣ −1፣ −3

ውስጡ ምን ምን ምት እንዳለ አናውቅም። የምንጠረጥራቸው ሦስት ምቶች አሉን፦

ዝግተኛው፦ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ −1፣ −1፣ −1፣ −1
መካከለኛው፦ 1፣ 1፣ −1፣ −1፣ 1፣ 1፣ −1፣ −1
ፈጣኑ፦ 1፣ −1፣ 1፣ −1፣ 1፣ −1፣ 1፣ −1

(እውነተኛው ሥራ ለስለስ ባለ ሞገድ ነው የሚሠራው። እኔ በ1 እና በ−1 የተካሁት እጃችሁ እንዳይደክም ነው።)

አሠራሩ ይህን ያህል ነው፦ ቁጥሮቹን ከምቱ ጋር አንድ በአንድ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለ8 አካፍሉ። በመካከለኛው እንጀምር። 3 ሲደመር 1 ሲደመር 1 ሲደመር 3፣ 8 ይሆናል። ሁለተኛው ግማሽም ያው 8። ድምሩ 16፣ ለ8 ሲካፈል 2። በፈጣኑ ስናባዛ 3፣ −1፣ −1፣ 3 ይመጣል፤ ድምሩ 4፣ ከሁለተኛው ግማሽ ጋር 8፣ ለ8 ሲካፈል 1። በዝግተኛውስ? የመጀመሪያው ግማሽ 3+1−1−3፣ ዜሮ። ሁለተኛውም ዜሮ።

መልሱ ወጣ። መካከለኛው ምት በ2 መጠን፣ ፈጣኑ በ1 መጠን አለ፤ ዝግተኛው የለም። አረጋግጡ፦ መካከለኛውን በ2 አባዝታችሁ ፈጣኑን ስትደምሩበት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቁጥሮች ይመለሳሉ።

ለምን ሠራ? ምቱ ውስጥ ካለ ከፍ ሲል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ስለሚሆን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይከማቻል። ምቱ ከሌለ አንዴ ይገጥማል፣ አንዴ ይጋጫል፣ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። ያ የሚያስፈራው ኢንተግራል ይህንኑ ነው የሚለው፦ አባዛ፣ ደምር።

ምቱ ኖሮ ግን ዘግይቶ ቢጀምርስ?

ይህን የጠየቀ ተማሪ ሳይታወቀው ከባዱን ደጃፍ አንኳኳ። እንሞክረው። መካከለኛውን ምት አንድ እርምጃ እናንሸራተው፦ 1፣ −1፣ −1፣ 1። ፍጥነቱ ያው ነው። አሁን ከዋናው ከ1፣ 1፣ −1፣ −1 ጋር አባዙትና ደምሩ፦ 1−1+1−1። ዜሮ!

ምቱ እዚያው ቁጭ ብሎ «የለም» ተባለ። ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ በተሳሳተ ሰዓት ነው የጠየቀው። መፍትሔው ሁለቴ መጠየቅ ነው፦ አንዴ በዋናው፣ አንዴ በሩብ ዙር በተንሸራተተው። የሁለቱን መልስ የ90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ሁለት አጫጭር ጎኖች አድርጋችሁ ቆጥራችሁ በፓይታጎረስ ስታዋህዱ፣ ምቱ መቼም ይጀምር መቼ መጠኑን ታገኛላችሁ። ኮሳይንና ሳይን፣ በሩብ ዙር የሚቀዳደሙት ሁለት ለስላሳ ሞገዶች፣ ሁልጊዜ ተጣምረው የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ታዲያ ቀመሩ ውስጥ ያለው ያ i የሚሉት ቁጥር ምን አገባው?

ስሙ ነው ያበላሸው። የሒሳብ ሊቁ ዴካርት በ1637 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች «ምናባዊ» ብሎ ጠራቸው፣ ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁሉ የሌለ ነገር እንደሚማር ሆኖ ይሰማዋል።

የስፖርት ክፍለ ጊዜን አስታውሱ። መምህሩ «ወደ ኋላ ዙር!» ሲሉ ፊታችን ይገለበጣል። በ−1 ማባዛት ማለት ይህ ነው፤ ወደ ቀኝ የነበረው 5 ወደ ግራ −5 ይሆናል። አሁን «ወደ ግራ ዙር!» ቢሉስ? ሩብ ዙር ነው። ደግመው «ወደ ግራ ዙር!» ቢሉ ወደ ኋላ ዞረን እንገኛለን። ሁለት ጊዜ ወደ ግራ መዞር አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መዞር ነው። i ማለት «ወደ ግራ ዙር» ነው፤ i በ i ሲባዛ −1 የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ቀጥሎ የብስክሌት ጎማ ጠርዝ ላይ ቀይ ሪባን እሰሩና አሽከርክሩት። የሪባኑን ከፍታ ብቻ ከተከተላችሁ ሳይን ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄዱን ብቻ ከተከተላችሁ ኮሳይን ነው። ሁለቱ የአንድ ሪባን ሁለት ጥላዎች ናቸው። ቅድም ሁለቴ የጠየቅነውን ባንድ ጊዜ መጠየቅ የሚቻለው ጥላውን ትተን ሪባኑን ስንይዝ ነው። የሒሳብ ሊቁ የኦይለር ቀመር ውስጥ e (2.718… የሆነው ቁጥር) እና i አብረው የሚታዩት ያንን የሚሽከረከር ሪባን ለመጻፍ ነው።

ለምን ሳይን? ሌላ ቅርጽ አይሆንም?

ይሆናል። ቅድም በ1 እና በ−1 ሠርተን የለ? ግን ሳይን አንድ ጠባይ አለው፤ አይበላሽም። ጎረቤት ሙዚቃ ሲከፍት ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው «ዱም ዱም» ብቻ ነው። ግድግዳው ውስጡ የገባውን እያንዳንዱን ሳይን ያሳንሰዋል፣ ያዘገየዋል፣ ፍጥነቱን ግን አይለውጠውም። ቀጭኑን ድምፅ ክፉኛ ያሳንሳል፣ ወፍራሙን ብዙም አይነካም። ስለዚህ ግድግዳውን ለመግለጽ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ምት «ስንቱን አሳለፍክ፣ ምን ያህል አዘገየህ?» የሚል ዝርዝር ብቻ ነው። በሌላ ቅርጽ ብትጀምሩ ገብቶ ሌላ ሆኖ ይወጣል።

ትራንስፎርሙ የተሰየመለት ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፎሪየር ራሱ የተነሳው ከድምፅ አልነበረም፤ ከሙቀት ነው። የእንጀራ ምጣድን አስቡ። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሥር ሽቦው ተጠጋግቶ ተጠቅልሏል። ሽቦው ያለበት ይግላል፣ በመካከሉ ያለው ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን ልዩነቱ ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ ወዲያው ይስተካከላል። እንጀራው ላይ ጥቅልሉን አታዩትም። በአንድ ወገን ያለው ሽቦ ከተበጠሰ ግን ጉድ ነው። ግማሹ ይበስላል፣ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ብትጠብቁም አይስተካከል። ሙቀት የሚከተለው ሕግ እንዲህ ነው፦ የሙቀቱ ሞገድ ርዝመት በግማሽ ሲያጥር የሚጠፋበት ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ፎሪየር ያየው ይህን ነው። የተዘበራረቀውን ሙቀት ወደ ሳይኖች ብትበትኑት እያንዳንዱ ሳይን በራሱ ፍጥነት እየከሰመ ይሄዳል፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ አይገባም።

ሐሳቡን በ1807 ለፓሪስ ሊቃውንት አቀረበ። የሒሳብ ሊቁን ላግራንዥን አልዋጥ አለው። «ማዕዘን ያለው ቅርጽ እንዴት ከለስላሳ ሞገድ ይሠራል?» የሚለው ጥርጣሬ ተገቢ ነበር፤ በትክክል እስኪመለስ ብዙ የሒሳብ ሰዎችን አድክሟል። የፎሪየር መጽሐፍ የታተመው በ1822 ነው።

ክራርና ዋሽንት አንድ ኖታ ሲጫወቱ ለምን ይለያያሉ?

አንድ ክር በሴኮንድ 220 ጊዜ ሲወዛወዝ ብቻውን አይደለም። በዚያው ቅጽበት በ440፣ በ660፣ በ880ም ይወዛወዛል። የኖታው ስም የሚመጣው ከ220ው ነው። «ክራር ነው» የሚያሰኘው የሌሎቹ መጠንና አከሳሰም ነው።

በእጃችሁ ሞክሩት። ክሩን ልክ መሐሉ ላይ ምቱት፤ ድምፁ ባዶ ባዶ ይላል። 440ውና 880ው መሐሉ ላይ የማይንቀሳቀስ ነጥብ አላቸው። እዚያ ላይ ብትመቱ አይነሱም። ወደ ጫፉ ስትጠጉ ይነሳሉ፣ ድምፁም ይሳላል።

ስልክ ላይ «ስ» እና «ፍ» ለምን ይምታታሉ?

የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ (በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ የሚወዛወዝ) ያለውን ብቻ ስለሆነ ነው። የ«ስ» ፉጨት ጉልበቱ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ተቆርጦ ሲቀር ከ«ፍ» ጋር ይመሳሰላል። ለዚህ ነው ስም ስናስጽፍ «ሰላም በሚለው ሰ» የምንለው።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ታችኛው ጫፍ ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ብዙ ጊዜ 120 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ከ300 በታች አያሳልፍም። ታዲያ አባታችን ሲደውሉ ለምን ወፍራም ድምፃቸው ይሰማናል? የሚደርሰን 360፣ 480፣ 600 ነው። አንጎላችን በመካከላቸው ያለውን የ120 ርቀት ያያል፤ «መሠረቱ 120 ነው» ብሎ የሌለውን ራሱ ይሞላል። ማንም ሳያስተምረን ይህን እንሠራለን።

ቪዲዮ ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞረው ለምንድን ነው?

የግድግዳ ሰዓትን በየ55 ደቂቃው ፎቶ አንሱና ፎቶዎቹን አከታትላችሁ እዩ። የደቂቃው ዘንግ 12 ላይ ነበር፤ ቀጥሎ 11 ላይ፣ ከዚያ 10 ላይ። ወደ ኋላ እየሄደ ነው! ሰዓቱ ግን ደህና ነው፤ እናንተ ናችሁ አልፎ አልፎ ያያችሁት። በየ30 ደቂቃው ብታነሱ ደግሞ 12፣ 6፣ 12፣ 6 ይላል። ወዴት እንደሚዞር እንኳ አታውቁም። ስለዚህ በአንድ ዙር ከሁለት ጊዜ በላይ ማየት ግድ ነው።

የናሙና ሕግ የሚባለው ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ እይታ አንድ ናሙና ነው። ናይኲስት በ1928፣ ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ ሻነን በ1949 ጽፈውታል። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል፤ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና የሚወስደው ለዚህ ነው። የድሮው ስልክ 8,000 ይወስዳል፣ ስለዚህ ከ4,000 በላይ ያለውን መያዝ አይችልም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፈጣኑ ሞገድ አንዴ ዝግተኛ መስሎ ከገባ በኋላ መለያ የለውም። ስለዚህ ፈጣኑን የሚያግደው ማጣሪያ የሚቀመጠው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ነው። ቀድማችሁ ካልዘጋችሁ በኋላ ብትጮሁ ዋጋ የለውም።

«ጊዜውንም ፍሪኩዌንሲውንም (የምቱን ፍጥነት) ባንድ ላይ በትክክል ማወቅ አይቻልም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ወደ ክራሩ እንመለስ። አንዱ ክር 220፣ ሌላው 220.5 ሄርዝ ነው። «ዋው» የሚለው ውዝዋዜ በሁለት ሴኮንድ አንዴ ነው የሚመጣው። ግማሽ ሴኮንድ ብቻ ሰምታችሁ ብትፈርዱ «ገጥመዋል» ትላላችሁ። ልዩነቱ ራሱን ለማሳየት ጊዜ ይፈልጋል። ቃኚ ክሩን መትቶ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ከበሮን አንዴ ብትመቱ መቼ እንደተመታ በደንብ ይታወቃል፤ «ኖታው ምን ነበር?» ብትሉ ግን ቁርጥ ያለ መልስ የለም። አጭር ድምፅ ከብዙ ሞገዶች ነው የሚሠራው። ማሲንቆ ላይ የተሳበ ረጅም ድምፅ ደግሞ ኖታው ጥርት ያለ ነው፤ ቅጽበት ግን የለውም።

የአንድን ቅንጣት ቦታና ሞመንተም (ግዝፈቱ በፍጥነቱ ሲባዛ) ባንድ ላይ በትክክል ማወቅ አይቻልም የሚለው የፊዚክስ ሊቁ የሃይዘንበርግ የ1927 መርህ ከዚሁ ቤት ነው። ኳንተም ፊዚክስ ውስጥ የአንድ ቅንጣት ሞመንተም የሚለካው ሞገዱ በቦታ ላይ ምን ያህል ተጠጋግቶ ከፍ ዝቅ እንደሚል ነው። ቅንጣቱ ያለበትን ቦታ ማጥበብ ድምፅን እንደ ማሳጠር ነው፤ ሞመንተሙ ይበተናል። ብዙዎች «መሣሪያችን ስለሚረብሸው ነው» ይላሉ። መሣሪያ ባይኖርም ያው ነው። ሞገድ የሆነ ነገር ጠባዩ ነው።

ኮንቮሉሽን (ቀድሞ የገባው ሁሉ ያስቀረውን ቅሪት መደመር) ለምን አንዱን ገልብጦ ያባዛል?

ዕጣን። ፍም ላይ አንድ ቁንጥር ስትጨምሩ ሽታው ይነሳና ቀስ እያለ ይጠፋል። ከአፍታ በኋላ ሌላ ቁንጥር፣ ከዚያ ሌላ። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለው ሽታ ስንት ነው? የእያንዳንዱ ቁንጥር መጠን፣ በዕድሜው ልክ ከቀረለት ጋር ተባዝቶ፣ ሁሉም ተደምሮ። መጨረሻ የጨመራችሁት ዕድሜው ትንሽ ነው፣ መጀመሪያ የጨመራችሁት ትልቅ። የመገልበጡ ነገር ይኸው ነው፤ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ነው። የገደል ማሚቶም እንዲሁ ነው የሚሠራው። በትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ፊኛ አፈንድታችሁ ድምፁን ከቀረጻችሁ፣ ቤታችሁ የተቀዳ ዘፈን በዚያ አዳራሽ የተዘፈነ እንዲመስል ማድረግ ትችላላችሁ።

ኤፍኤፍቲ (ፈጣኑ ፎሪየር ትራንስፎርም) ከዚህ በምን ይለያል?

መልሱ ያው ነው፤ አቋራጭ ነው። አንድ ሚሊዮን ቁጥሮችን ለአንድ ሚሊዮን ምቶች ቅድም እንደሠራነው ብንጠይቅ አንድ ትሪሊዮን ማባዛት ይመጣል። በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን የሚያባዛ ማሽን ከአሥራ ስድስት ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። በኤፍኤፍቲ ግን ማባዛቱ ወደ ሃያ ሚሊዮን ይወርዳል፤ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል።

ዘዴው ቁጥሮቹን ጎዶሎና ሙሉ ተራ ብሎ ለሁለት መክፈል ነው። ግማሽ ዝርዝር ሥራው ሩብ ነው፤ ሁለት ሩብ ደግሞ ግማሽ። በአንድ ክፍያ የሥራው ግማሽ ቀረ። ግማሾቹን እንደገና ክፈሉ፣ አሁንም ክፈሉ። ኩሊና ተኪ በ1965 አሳተሙት። ከጀርባው ከነበሩት ፍላጎቶች አንዱ ከመሬት በታች የሚፈነዳ ኒውክሌርን ከመሬት መንቀጥቀጥ መለየት ነበር። በኋላ ሲታይ ግን የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1805 ገደማ ለፈለክ ስሌት ያንኑ ዘዴ በእጁ ሠርቶት ኖሯል።

ዋትሳፕ ላይ ዞሮ ዞሮ የመጣ የሰርግ ፎቶ ለምን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል?

የፎቶ መጨመቂያው ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ቆርጦ እያንዳንዱን ወደ ሞገድ ይበትነዋል። ዓይን ብዙም የማያስተውላቸውን ፈጣን ሞገዶች ይጥላል ወይም ያጠጋጋል። አንዴ ሲሆን አይታወቅም። እየተጨመቀ ደጋግሞ ሲላክ ግን የካሬዎቹ ድንበር ይወጣል፤ የሙሽራዋ ጥልፍም ይጠፋል።

ራሴን ልፈትን ብልስ?

ወረቀቱን አላስቀመጣችሁም ብዬ ነው። እነዚህ ስምንት ቁጥሮች ውስጥ ምን ምን ምት አለ?

4፣ −4፣ −2፣ 2፣ 4፣ −4፣ −2፣ 2

በሦስቱም ምቶች ጠይቁ። መካከለኛው ዜሮ ከሰጣችሁ «የለም» ብላችሁ አትዝጉት። አንድ እርምጃ አንሸራቱና ደግማችሁ ጠይቁት።